አንዲት «በ»

መትራህ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከዓሣ ገበያው በር፣
ድመቶች ከሰው ቀድመው ተሰልፈው ነበር።
እኔም ደብተሬን ይዤ፣ እርሳስ ከጆሮዬ፣
ዕረፍት ሲሉኝ መጣሁ ለቤት ሥራ ብዬ።
«ያያችሁትን ሁሉ በሦስቱ ጻፉት» ብላናለች ሚስ ሞይራ፤
ኢን፣ ኦን፣ አት።
ሦስት ቁራጭ ቃል፣ የሦስት ሳምንት መከራ።

ቱናው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ «ኦን» ነው ብዬ ጻፍኩ።
ሸርጣኑ ባልዲ ውስጥ ነው፤ «ኢን» ነው፣ አልተሳሳትኩ።
ሽማግሌው ሻጭ ግን፣ ኩማውን ደፍቶ፣
በሩ ጋ ቆሞ ነው፣ ወይስ በሩን ሞልቶ?
እሱ ላይ ተቸገርኩ።

የእኛዋ «በ» ምን አላት፣ ሁሉን ታዝለዋለች፤
በታክሲ፣ በአውቶቡስ፣ በእግር ትሄዳለች፤
በሌሊት፣ በጠዋት፣ በግንቦት፣ በዓርብ፣
በሞቴ ስንልም አለች እዚያው ቅርብ።
እንግሊዝኛ ታክሲ ውስጥ ያስገባኛል፣
አውቶቡስ ሲሆን ላዩ ላይ ያወጣኛል።
ለምን? አልኳት ሞይራን።
መነጽሯን ጠርጋ፣ አስባ፣ «እንዲሁ ነው» አለችኝ።
«እንዲሁ ነው» ለመባል
አራት መቶ ሪያል ከፍያለሁ።

ሮዌና መጣች፣ የማኒላዋ፣ ጃንጥላ ዘርግታ፤
ምሽጉን እንውጣ አለች ፀሐይዋ ሳትበረታ።
ደረጃውን ቆጠርን፣ እሷ በቋንቋዋ፣ እኔም በአማርኛ፤
ጫፍ ላይ ስንደርስ ቁጥሩ አልገጥም አለን፣
ተሳሳትሽ ተባባልን በእንግሊዝኛ።
ከታች የቱሪስት መርከብ ቆሟል፤
አንድ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ከነሰገነቱ ተነቅሎ
ባሕር የወረደ ይመስላል።
ከሱቅ የወጡ ባልና ሚስት ካሜራ አቀበሉኝ፤
አነሣኋቸው፣ ቀና በሉ ብዬ።
«ከየት ነሽ?» አለች ሴትዮዋ።
«አስተማሪ ነኝ» አልኳት።
ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ፤
እዚህ አገር ግን አስቀድሞ የሚባለው እሱ ነው።
ከዚያ ከረክ ሻይ ጠጣን በወረቀት ኩባያ፣
መቶ መቶ ባይሳ፣ ምላስ የሚልጥ፣
ሮዌና ቃጠሎዋን በማኒላኛ ስትሰድብ ሰማኋት።

ማታ ሩዊ ነን። ከጎማ ቤት በላይ ያለች ክፍል፣
ኤሲው በባልዲ ያንጠባጥባል
(«ኢን» ባልዲ፣ ብዬ ሳስብ ራሴን ያዝኩት)።
የሚማሩት ትምህርቱ ነጻ ስለሆነ የመጡ ናቸው፤
ቢጁ፣ ሾፌሩ፣ እንቅልፉን እየታገለ፤
ሸፊኩል፣ ልብስ ሰፊው፣ የኩሚላ ሰው፣
ጣቱ ላይ ክር እንደተጠመጠመ።
ሞይራ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ።

ገጽ ሠላሳ አንድ። «ሚስትህ የት ናት?» አልኩት።
ጥያቄው የመጽሐፉ ነው፣ የእኔ አይደለም።
አሰበ። ከንፈሩን አላወሰ።
«ማይ ዋይፍ... ኢን ፎን።»

ማርከሬ ወደ ሰሌዳው ተነሣ፤
«ኦን» ልል አፌን ከፈትኩ።
እሱ ግን ኪሱ ገብቶ ስልኩን አወጣ፣
መስታወቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር የታሸገ፣
እንካ እዪ ብሎ ዘረጋልኝ።
ቢጫ ሻሽ አድርጋለች።
ከስንጥቁ ወዲህ ፊቷ፣ ከስንጥቁ ወዲያ እጇ፣
እጇ ላይ እሱ አቅፎት የማያውቅ ልጅ።
«ናይን ይርስ» አለ ሸፊኩል፣ እያሻሸ መስታወቱን።

ማርከሩን ከደንኩት።
«ቀጥል» አልኩት።

ሞይራ ቅጹን ሰጠችኝ ስንወጣ፦
«ስሕተት ሳይታረም አልፏል።»
ልክ ናት። ፈረምኩበት።

ሌሊት ሁለት ሰዓት፣ ቀይ አውቶቡስ፣ ወንበሬ መስኮት ዳር፤
የወደቡ መብራት ውሃው ላይ ሲሰባበር፣
ታናሼ ደወለ ከዲላ፣ መኳንንት።
«ምን ላይ ነሽ?» አለኝ፣ እንደ ልማዳችን።
«አውቶቡስ ላይ» አልኩት፣
ሳላስበው፣ በእነሱ ደንብ፣ ልክ በልክ።
ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አላወቅኩም፤
ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት፣
እዚያ ውስጥ ሲስቅ።